ጃፓን ቀመስ ድብቅ ኮክቴል ባር፦ ኒው ዮርክ ላይ የቱ ይሻላል? (ጥቆማ)

ጠያቂ

ለአንድ ቅዳሜ ማታ ከዲሲ ወደ ኒው ዮርክ እንወጣለን። ሁለት ሰው ነን፤ ታክሱም ቲፑም ተደምሮ ከ150 ዶላር ባያልፍ ደስ ይለናል። የምንፈልገው ጃፓን ቀመስ የሆነ፣ ውጭ ታፔላ የማይለጥፍ ዓይነት ኮክቴል ባር ነው። ኢንስታግራም ላይ ሁሉም አንድ መሰሉብን፦ ጨለማ፣ ቀይ መብራት፣ ጭስ የሚወጣው ብርጭቆ። ለመጠጡ ሲባል የሚኬድበት የቱ ነው? አንደኛችን አልኮል አይጠጣም፣ ጾምም ላይ ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ

ሁለት መሆናችሁ ግማሹን ችግር አቃሎታል። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት ለሁለት ሰው ነው። ስድስት ሆኖ የሚመጣ ቡድን ወይ አይገባም፣ ወይ ጥግ ላይ ተቀምጦ መጠጥ ሲጠብቅ ያመሻል፤ ባርማኑ እያንዳንዱን ብርጭቆ ለብቻው ስለሚሠራ የስድስት ሰው ትዕዛዝ ሌላውን ሁሉ ያቆማል። ጠረጴዛ ሳይሆን ባንኮኒ ላይ ቦታ ጠይቁ።

የእነዚህ ድብቅ ባሮች አባት ኤንጀልስ ሼር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኢስት ቪሌጅ ውስጥ የተከፈተ ቤት ነው፤ ፎቅ ላይ ያለ የጃፓን ምግብ ቤት አቋርጦ በአንድ ተራ በር ይገባ ነበር። ሕጉም የታወቀ ነው፦ ከአራት ሰው በላይ አይገባም፣ ቆሞ መጠጣት የለም፣ መጮህ የለም። በ2022 ተዘጋና በ2023 ዌስት ቪሌጅ፣ ግሮቭ ስትሪት ቁጥር 45 ላይ እንደገና ተከፈተ። ሚልክ ኤንድ ሃኒ የተባለውን ባር የከፈተው ሳሻ ፔትራስኪ አርአያ ያደረገው ይህንን ቤት ነው፤ ከ2000 ወዲህ ከተማውን ያጥለቀለቀው የድብቅ ባር ፋሽን በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ብዙ ሰው አሜሪካ መጠጥ ከከለከለችበት ከ1920 እስከ 1933 ካለው ዘመን ጋር ብቻ ያያይዘዋል። እዚህ ግን በሩ የተደበቀው ከፖሊስ ሳይሆን ከጫጫታ ነው። ቀስ ያለ ምሽት ከፈለጋችሁ ቀዳሚ ምርጫዬ ይኸው ነው።

ባር ጎቶ ኤልድሪጅ ስትሪት ላይ፣ ሎወር ኢስት ሳይድ ነው፤ በ2015 ተከፈተ፣ ባለቤቱ ኬንታ ጎቶ ፔጉ ክለብ የተባለ ባር ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ጠባብና ጸጥ ያለ ነው፣ ግን የተደበቀ አይደለም። ሳኩራ ማርቲኒ እዘዙ፦ ጂን፣ ሳኬ (የጃፓን የሩዝ መጠጥ)፣ ጥቂት ማራስኪኖ የሚባል የቼሪ አረቄና በጨው የቆየ የቼሪ አበባ። ጨው ከአበባው ቀስ እያለ ስለሚወጣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጉንጭ አንድ አይደሉም። ቶሎ አትጨርሱት።

ካታና ኪተን ሃድሰን ስትሪት ላይ፣ ከ2018 ጀምሮ። እዚህ ዝምታ አትጠብቁ፤ ሙዚቃው ከፍ ያለ፣ ሰዉ የሚስቅበት ቤት ነው። ሀይቦሉ (ውስኪ በሶዳ) ግን አይታማም። ሂኖኪ ማርቲኒም አላቸው፤ የጃፓን የጥድ ዘመድ የሆነው እንጨት ሽታ ያለው መጠጥ ነው። የሚታወቀው ሳንድዊች ሞርታዴላ (የአሳማ ሥጋ ቋሊማ) ስለሆነ የአሳማ ሥጋ የማይበላ ይጠንቀቅ።

ኩዊንስ ነዋሪ

በበጀቱ ልግባ። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ኮክቴል ከ18 እስከ 25 ዶላር አካባቢ ነው። 22 እንበል። አራት መጠጥ 88፣ የሚቆረጠም ነገር 24፣ ድምር 112። የከተማው ሽያጭ ታክስ 8.875 በመቶ ስለሆነ ወደ 10 ዶላር ይጨምራል። ቲፕ 20 በመቶ፣ ታክስ ሳይደመር በ112ቱ ላይ ስታሰሉት 22 ዶላር ከ40 ሳንቲም። ወደ 144 ይመጣል። በጀቱ ይበቃችኋል፣ ግን አምስተኛ መጠጥ የለም።

ሰው የሚሸወደው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ካርድ የሚያስይዝ ቤት ካልመጣችሁ በነፍስ ወከፍ ይቆርጣል፤ ስንት ሰዓት ሲቀር መሰረዝ እንደሚቻል ቦታ ስትይዙ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ብዙ ቦታ የተያዘው ወንበር ለ90 ደቂቃ ነው፤ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ የደረሰ ሰው የሚያጣው ከራሱ ሰዓት ነው። ሦስተኛ፣ ቲፑ አስቀድሞ ሂሳቡ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ እዩ፤ በተለይ ብዙ ሰው ሲሆን ይገባል፣ ማሽኑ ደግሞ ዝም ብሎ ሌላ 20 በመቶ ይጠይቃል።

በር ላይ የይለፍ ቃል የሚያስብል፣ ሜኑው ሁሉ የጌሻ ሥዕልና የጭስ ትርኢት የሆነ ቤት ካያችሁ እለፉት። ጭሱ አፍንጫን ስለሚይዝ የዩዙም (የጃፓን ሎሚ) የሺሶም (የጃፓን መዓዛማ ቅጠል) ሽታ አይደርሳችሁም። ርካሽ ውስኪ ለመሸፈን ግን ጥሩ ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ

በጭሱ እስማማለሁ። ቤቱን ለመፈተን ደግሞ መጀመሪያ ሀይቦል እዘዙ፤ ውስኪና ሶዳ ብቻ ስለሆነ የሚደበቅበት የለውም። የምታዩት እነዚህን ነው።

በረዶው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ከሆነ ቀስ ብሎ፣ በአንድ አቅጣጫ የረጋ ነው፤ አየርና ማዕድን ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ተቆርጧል። ነጭ ደመና ያለው በረዶ ውስጡ በጥቃቅን አረፋ የተሞላ ስለሆነ ቶሎ ይሰበራል፣ መጠጡንም ያቀጥነዋል። ጥሩ ባርማን በረዶውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው አልኮል አያፈስበትም፤ ላዩ እስኪያብረቀርቅ ይጠብቃል፣ አለዚያ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ከዚያ ብርጭቆውን በበረዶው አማስሎ ያቀዘቅዛል፣ የቀለጠውን ውሃ ይደፋል። ይህችን መድፋት የዘለለ ቤት ሌላውንም ይዘልላል።

ሶዳው በበረዶው ላይ ሳይሆን በጎኑ ነው የሚፈስሰው። ማንኪያው አንድ ጊዜ ገብቶ በረዶውን ከፍ አድርጎ ይወጣል፣ አለቀ። አምስት ስድስት ጊዜ የሚያማስል ባርማን የከፈላችሁበትን ጋዝ እያወጣው ነው።

መጠጥ ከመጣ በኋላ ፎቶ እያነሳችሁ አምስት ደቂቃ አታቆዩት። በረዶ የሌለው ማርቲኒ በተለይ፣ ያለ ምክንያት አይደለም ብርጭቆው ትንሽ የሆነው፤ ሳይሞቅ እንዲያልቅ ነው። ትንሽነቱ ግን አያታልላችሁ። 75 ሚሊ ሊትር ጂን 47 በመቶ ከሆነ ብቻውን 28 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ አሜሪካ አንድ መጠጥ ብላ የምትቆጥረው 14 ግራም ነው። 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ ያለው ሀይቦል ደግሞ አንድ ገደማ ነው። መኪና ይዞ የሚመጣ ይህን ይቁጠር።

የቶኪዮ ተመላላሽ

ኒው ዮርክ ጥሩ ነው፣ ምንጩ ግን ቶኪዮ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ናሪታ የሚያርፍ ሰው አንድ ማታ ካለው ጊንዛ ወደሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ይሂድ። ናሪታ ከከተማው ሩቅ ነው፣ በፈጣኑ ባቡር እስከ ቶኪዮ ጣቢያ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የከተማው ባቡር ደግሞ እኩለ ሌሊት ገደማ ይቆማል። በጊዜ ጀምሩ። እሑድ የሚዘጉ የጊንዛ ባሮች ብዙ ናቸው።

ባር ሃይ ፋይቭ ሜኑ የለውም። ሂዴትሱጉ ኡዬኖ በ2008 የከፈተው ነው፤ በረዶን እንደ አልማዝ ጠርቦ በማቅረብ ይታወቃል። ዝም ብላችሁ «የፈለግከውን ሥራልኝ» አትበሉ። ሦስት ነገር ንገሩ፦ መነሻው ምን ይሁን (ጂን፣ ውስኪ፣ ሮም)፣ ጎምዛዛ ነው ጣፋጭ ወይስ መራራ፣ ምን ያህል ይክበድ። የማይስማማችሁ ነገር ካለ አሁኑኑ፣ ከተሠራ በኋላ አይደለም።

ሺንጁኩ ላይ ባር ቤንፊዲክ አለ። ሂሮያሱ ካያማ ከራሱ እርሻ የሚያመጣውን ዕፅ በሙቀጫ ወቅጦ ይሠራል፤ አብሲንት የተባለውን የዕፅ አረቄና መራራ ነገር የሚወድ ሰው ከዚህ አይለፍ፣ ጣፋጭ ፈላጊ ግን ይቅርበት። ጌን ያማሞቶ አዛቡ ጁባን ነው፤ ስምንት ወንበር ብቻ፣ የወቅቱን ፍራፍሬና አትክልት ይዞ በተከታታይ የሚቀርብ የትንንሽ ኮክቴሎች ምርጫ። አልኮሉ ቀለል ያለ ስለሆነ ጠጪ ላልሆነ ሰው ከሁሉም የሚመቸው እሱ ይመስለኛል። ጫጫታና ወጣት ከፈለጋችሁ ሺቡያ ያለው ዘ ኤስጂ ክለብ።

ብዙ ሐበሻ የሚናደደው ሂሳብ ላይ ነው። ብዙ የቶኪዮ ባር የመቀመጫ ክፍያ አለው፤ ያላዘዛችሁት ትንሽ የሚበላ ነገር ቢመጣ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው፣ ማታለል አይደለም። በሌላ በኩል ቲፕ የሚባል የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ብትወጡ ሮጠው ይመልሱላችኋል። ሽቶ አታብዙ፣ ስልክና ቦርሳ ባንኮኒው ላይ አታስቀምጡ፣ ሌላ ደንበኛ በፎቶ አታስገቡ። ዕድሜ 20 ነው፣ አሜሪካ 21፤ ሁለቱም ጋ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ።

ውስኪን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። መደርደሪያው ላይ የጃፓን ፊደል ያለበት ሁሉ የጃፓን ውስኪ አይደለም። የጃፓን አምራቾች ማኅበር በ2021 ያወጣው ደንብ ውሃው፣ መጥመቁ፣ መንጠሩና ቢያንስ 3 ዓመት በበርሜል መቆየቱ ጃፓን ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል። ኒካ ፍሮም ዘ ባረል የተባለው ውስኪ ይህን ሙሉ በሙሉ እንደማያሟላ ኩባንያው ራሱ ይናገራል። ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ግን «ብርቅዬ የጃፓን ውስኪ» ተብሎ 40 ዶላር ሲጠየቅበት አትክፈሉ። ሂቢኪ የተባለውን ውድ ውስኪ ሶዳ ውስጥ መጨመርም ብር መድፋት ነው፤ ለሀይቦል ረከስ ያለው ቶኪ ይበቃል።

ኩዊንስ ነዋሪ

ለጾመኛው ማንም አልመለሰም። አልኮል የለበትም ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፤ ጃፓን ቀመስ ቤት ውስጥ ወተት የሚደበቅባቸው መንገዶች አሉ። ካልፒስ ወይም ካልፒኮ የሚባለው ነጭ ለስላሳ ከወተት የሚሠራ ነው። «ክላሪፋይድ» የሚል መጠጥ ብዙ ጊዜ ወተት በሎሚ አርግቶ የተጣራ ነው፤ ውሃ ቢመስልም የወተቱ ተረፈ ነገር ውስጡ አለ። ላዩ ላይ ነጭ አረፋ ያለው ሳወር (ጎምዛዛ ኮክቴል) አረፋው ብዙ ጊዜ የእንቁላል ነጭ ነው። አማዛኬ የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከሩዝና ከኮጂ (ሩዙን የሚያብላላ ሻጋታ) የሚሠራው አልኮል የለውም፣ ከሳኬ አተላ የሚሠራው ግን ጥቂት አለው። አንጎስቱራ ቢተርስ (በጠብታ የሚጨመር መራራ ማጣፈጫ) 44.7 በመቶ አልኮል ስለሆነ፣ ጠብታም ቢሆን የማይፈልግ ሰው «ቢተርስ አትጨምር» ይበል።

ምግቡም ላይ እንዲሁ፦ ኦኮኖሚያኪ (የጃፓን የጎመን ቂጣ) እንቁላል አለው፣ ከላይ የሚበተነው የደረቀ ዓሣ ነው፣ ማዮኔዙም እንቁላል። የሚሶ ሾርባ መረቁ ብዙ ጊዜ ከዓሣ ነው። ኤዳማሜ (ለጋ አኩሪ አተር) በጨውና ኮምጣጣ አትክልት ያዙ። ለመጠጥ ዩዙ ወይም ሎሚ፣ ጥቂት ስኳር፣ በመዳፍ መታ መታ ተደርጎ የገባ የሺሶ ቅጠል፣ ሶዳ። ሜኑ ላይ ባይኖርም ይሠሩታል፣ ከባዱ ሰዓት ሳይደርስ ከጠየቃችሁ።

ጠያቂ

እናመሰግናለን። ኤንጀልስ ሼርን እንሞክራለን። ሀይቦሉን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል?

ከባንኮኒው ጀርባ

ይቻላል። የሽርሽር ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ትንሹን፣ ክዳኑን አውልቃችሁ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ጎኑና ታቹ ስለተሸፈነ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይረጋል፤ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ታችኛው ሩብ ገና ውሃ ሳለ አውጡት። ውሃውን ማፍላት ብዙ አይለውጥም፣ አትድከሙ። ከሳጥኑ አውጥታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ጥርስ ባለው ቢላ ጫር አድርጋችሁ ቢላውን ከላይ በመዶሻ መታ ስታደርጉት በመስመሩ ይሰነጠቃል። 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ረጅም ብርጭቆ፣ 45 ውስኪ፣ ከ135 እስከ 180 ሶዳ። ሶዳው ከፍሪጅ እንጂ ከቁምሳጥን አይምጣ፤ የሞቀ ሶዳ በረዶ ሲነካ ጋዙ ወዲያው ያመልጣል።

አዲስ አበባ ሆኖ የሚሞክር ካለ፣ አምቦ ማዕድኑ ብዙ ስለሆነ የውስኪውን ጣፋጭነት ይጫነዋል። ከተራ ሶዳ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርጉት፣ ወይም ጭስ ላለው ከባድ ውስኪ ብቻ ተጠቀሙበት።