ጅማ ላይ ግድግዳ ውስጥ የሚገባ የኮራል አኳሪየም፦ ከጀርባው ያለውን ክፍል እንዴት ላዘጋጅ?

የቦሳ ቂጦዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅዳ ሰው ቤት 11 ዓመት ሠርቼ ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። የሠራሁበት ቤት ሳሎን ግድግዳ ውስጥ ትልቅ የባሕር አኳሪየም ነበር። የሚንከባከበው ሰው ድንገት ወደ አገሩ ሲመለስ አሠሪዬ "አንቺ እጅሽ የረጋ ነው" ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ጨው መመዘን፣ አልካላይኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) መለካት፣ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን ማጣሪያ) ማጠብ፣ የታመመ ዓሣ በአተነፋፈሱ መለየት እዚያ ነው የተማርኩት። ጠዋት መብራቱ ቀስ እያለ ሲደምቅ ዜኒያ የሚባለው ኮራል ጣቶቹን እንደ አራስ ልጅ ሲጨብጥና ሲዘረጋ ለማየት ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ እነሳ ነበር። ስለዚህ እንክብካቤው አያስፈራኝም። የማላውቀው ግንባታውን ነው፤ እኔ ስደርስ ተሠርቶ ነው የጠበቀኝ።

አሁን ጅማ ቦሳ ቂጦ ቤት እየሠራሁ ነው። ፎቅ የለውም። ከፊት ካፌ፣ ከኋላ መኖሪያ። በካፌው አዳራሽና በኋላው ክፍል መካከል ባለው የብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ርዝመቱ 2.40 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 80 ሳንቲም፣ ቁመቱ 75 ሳንቲም የሆነ አኳሪየም ማስገባት እፈልጋለሁ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የጅማ ልጅ ቡናው እስኪቀርብ ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ እንዲያይ ነው ምኞቴ። ለሥራው ከኋላ 4 በ2.50 ሜትር ክፍል ትቻለሁ።

ግንበኛው "ግድግዳውን እንጨርስ፣ መስታወቱ ሲመጣ እንቀደዋለን" ይላል። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ይችለዋል? ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የቆርቆሮዬን የዝናብ ውሃ ብጠቀምስ? የአፍዴራ ጨው ይሆናል የሚሉኝም አሉ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መብራት ሲጠፋ ነው። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንዴ በትክክል ለመሥራት ነው የሚበቃው፤ አፍርሶ ለመሥራት አይበቃም።

ፌሮና አርማታ፦

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ጅማና ዙሪያዋ ሳይት ላይ ነው የምውለው፤ ስለ ዓሣው ሌሎች ይንገሩሽ፣ እኔ ስለ ክብደቱ ልንገርሽ።

በሰጠሽው ልክ 1,440 ሊትር ይይዛል። የባሕር ውሃ ከቧንቧ ውሃ ስለሚከብድ ውሃው ብቻ 1,475 ኪሎ ገደማ ነው። መስታወቱ 19 ሚሊ ከሆነ 320 ኪሎ ይጠጋል። ድንጋዩ፣ አሸዋውና የብረት መቆሚያው ሲታከል ከ2 ቶን ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው 2 ካሬ በማይሞላ ቦታ ላይ ስለሆነ በካሬ ከ1,000 ኪሎ በላይ ነው። ለመኖሪያ ቤት ወለል በስሌት የሚያዘው በካሬ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። ሊሾማ ከሥሩ ያለው ካልተረጋ ይሰነጠቃል።

ጅማ ላይ ብዙ ቦታ ከሥር መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሚጣበቅ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቤቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ግድግዳው ላይ ጭረት ታያለሽ፤ አኳሪየሙ ሥር ከተንቀሳቀሰ ግን የሚከፈተው የመስታወቱ መጋጠሚያ ነው። ስለዚህ የሚያርፍበትን ቦታ ሊሾውን አንሺው፣ መረሬው አልቆ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ አስቆፍሪ፣ በተመረጠ አፈርና በድንጋይ ተጠቅጥቆ ይሞላ፣ ከላይ ፌሮ ያለው 20 ሳንቲም አርማታ ይፍሰስ። ከግድግዳው መሠረት ጋር አታያይዢው፤ ለየብቻ ይቀመጡ። የቤትሽን መሐንዲስም ሳታሳዪ አትጀምሪ።

ግንበኛሽ ያለውን አትስሚ። 2.40 ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በኋላ ሲቀደድ ከላይ ያለው ብሎኬት የሚይዘው የለም። አሁኑኑ ከላዩ አርክትራቭ (የቀዳዳውን አናት የሚሸከም ፌሮ ያለው አርማታ) ይፍሰስ፣ ግራና ቀኝ 25 ሳንቲም ግድግዳው ላይ ይረፍ። ግድግዳው መስታወቱን መንካት የለበትም፤ ዙሪያውን ሁለት ሳንቲም ክፍት ተዪና በካፌው በኩል በእንጨት ፍሬም ትሸፍኚዋለሽ።

ጨው ውሃ፣ አዲስ አበባ፦

እህት፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዜኒያ ሲጨብጥና ሲዘረጋ ያዩ ሰው ይህን ሥራ አይተዉትም። እኔ የባሕር አኳሪየም ስይዝ 8 ዓመቴ ነው። ግንባታውን አንድ ጊዜ ተሳስቼ ስለተማርኩ የኋላውን ክፍል ከመስታወቱ በፊት እንዲያስቡ እለምንዎታለሁ። ካፌው የሚያየው መስኮቱን ነው፤ ሕይወቱ ያለው ኋላ ነው።

የኔ የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ነበር፣ ሰምፑ (ውሃው ወርዶ የሚጣራበት የታችኛው ገንዳ) ቁም ሣጥን ውስጥ። ውሃውን ወደ ላይ የሚመልሰው ቱቦ አፉ ከውሃው ገጽ 20 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ነበር የተሠራው። አየር አስገብቶ ፍሰቱን እንዲቆርጥ የተበሳችውን ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ አልጌ ደፍኗት ኖሯል። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በዚያው ቱቦ ወደ ኋላ መሳብ ጀመረ። የነቃሁት በታችኛው ቤት ጎረቤቴ በር ማንኳኳት ነው። ባትሪ አብርቼ ሳይ ፓርኬው ተነስቶ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ኮርኒሳቸው ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ ነው። የሴትዮዋን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

በእርስዎ ልክ ውሃው አንድ ሳንቲም በወረደ ቁጥር 19 ሊትር ይመለሳል። 20 ሳንቲም ቢሆን 380 ሊትር ማለት ነው። የመመለሻውን አፍ ከገጹ ሁለት ሳንቲም ብቻ ዝቅ ያድርጉት፣ ሰምፑ ሁልጊዜ ከ100 ሊትር የማያንስ ባዶ ቦታ ይኑረው። የመጀመሪያው ቀን ሆን ብለው ፓምፑን አጥፍተው ቆመው ይዩት። ወለሉ ሴራሚክ ሆኖ ወደ ማፍሰሻ ያጋድል፣ በሩ ሥር 10 ሳንቲም ገደብ ይሠራለት። ይህ በኋላ የማይጨመር ነገር ነው።

አሁን ወደ ጅማ። ጅዳ ባሕር ጠረፍ ነው፤ ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት አንድ አምስተኛ ለመሙላት ጥቂት በቀረው መጠን ያነሰ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጅዳ የለመዱትን ያህል ዓሣ አያብዙ፤ ስኪመሩ ከሚያስፈልገው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይሁን፣ የውሃው ገጽ ሌት ተቀን ይናወጥ።

ካፌ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ቡና ሲቆላ፣ ከሰል ሲጤስ፣ ሰው ሲበዛ አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምርና የውሃው ፒኤች ከ8 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የስኪመሩ የአየር ማስገቢያ በቱቦ ግድግዳውን በስቶ ከውጭ፣ ከምድጃው ተቃራኒ በኩል ይሳብ። ፍሊት ግን በጭራሽ። ሽሪምፕና ሸርጣን በአንድ ቀን ያልቃሉ፤ ለሠራተኞችዎ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩ።

ከዚህ መጠን በቀን ከ10 እስከ 15 ሊትር ይተናል ብለው ያስቡ። ወደ ውጭ የሚተፋ ፋን ከሌለ እርጥበቱ ኮርኒሱ ላይ ይቀመጣል፤ ክረምት ላይ ቺፑድ ከሆነ ያብጣል፣ ይሻግታል። ጨውም ይሾልካል፤ የኔ በር ማጠፊያ ላይ እንደ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ ከሥሩ ብረቱን በልቶታል። መቆሚያው በቱቦላሬ ከተሠራ ብየዳው ጭምር አንቲረስትና ኢፖክሲ ይቀባ። ሶኬቶቹ ከሰምፑ በላይ ሳይሆን በጎን፣ ከፍ ብለው፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ሥር ይሁኑ። የነሐስም ሆነ የመዳብ ቫልቭ አይግባ፤ መዳብ ለኮራል መርዝ ነው።

ለመብራቱ መጥፋት፦ መጀመሪያ የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ትንፋሽ ማጣት ነው። በ24 ቮልት የሚሠሩ፣ ገንዳው ውስጥ ውሃውን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት የማዕበል ፓምፖች ይግዙ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ አያይዘው ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 30 ዋት የሚበላ ፓምፕን 40 ሰዓት፣ ሁለቱን 20 ሰዓት ያስኬዳል። ብርዱ ታጋሽ ነው፤ ከነሰምፑ 1,700 ሊትር አንድ ዲግሪ ለመውረድ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ማጣት አለበት። ጅዳ ማቀዝቀዣ ነበር የሚያስፈልገው፤ እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚያስፈልግዎት ማሞቂያ ነው። አንድ ትልቅ አይግዙ፤ ሁለት ባለ 500 ዋት ይሁኑ። አንዱ አልጠፋም ብሎ ቢቀር በሰዓት ሩብ ዲግሪ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ ይደርሱበታል።

የዝናብ ውሃ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ 200 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ወር 20,000 ሊትር ይሰጣል። ነገር ግን ከቆርቆሮው ዚንክ ይዞ ይወርዳል፤ ዚንክም ለኮራልና ለቀንድ አውጣ ጎጂ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ ያሳልፉ፣ ከዚያ ሮቶ ውስጥ ያጠራቅሙ፣ በአርኦ (ውሃውን በግፊት በቀጭን ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) እና በሬዚን ማጣሪያ አሳልፈው ቲዲኤሱ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር መጠን) ዜሮ ሲሆን ብቻ ጨው ይጨምሩበት። ከፍ ካለ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ለአርኦ ግፊቱ አይበቃም፤ ግፊት የሚጨምር ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል።

የድሬው፦

ጅቡቲ ድረስ የሚመላለሱ መኪኖች አሉ፤ ለምን የባሕሩን ውሃ ራሱን በበርሜል አታስመጪም? ከተፈጥሮ የሚበልጥ የለም።

ጨው ውሃ፣ አዲስ አበባ፦

ወንድሜ፣ ለ1,700 ሊትር የሚያስፈልገው የአኳሪየም ጨው 60 ኪሎ ገደማ ነው፤ የባሕሩ ውሃ ግን ከ1,700 ኪሎ በላይ ተጭኖ፣ በሙቀት ተዘግቶ ከርሞ ነው ጅማ የሚደርሰው። ወደብ አጠገብ የተቀዳ ውሃ ዘይትም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአፍዴራውንም እዚሁ ልመልስ፦ እሱ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት ካልሲየም በሊትር 420 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም 1,300 ገደማ መሆን አለበት። ለወጥ የሆነው ለኮራል አይሆንም።

እህት፣ አንድ የቀረኝ አለ። ጠንካራ አጥንት ያላቸው ኮራሎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ያለ ፈቃድ ወረቀት አያስመጡ። ዜኒያና የመሳሰሉት ለስላሳዎቹ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፣ ለጀማሪ ውሃም ይቀላሉ። አሞኒያና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆን ድንጋዩን ብቻ ይዘው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆዩ፤ ይህንን ግን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የቦሳ ቂጦዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ይህንን ሁሉ ለግንበኛው በስልኬ አነበብኩለት። መጀመሪያ ቅር አለው፤ ፌሮና አርማታ ያለውን ክብደት ሲሰማ ግን ሜትሩን አንስቶ ራሱ መለካት ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ሊሾውን ማንሳት ጀምረናል፤ 60 ሳንቲም ስንወርድ እውነትም ጥቁር አፈር ነው፣ እጄ ላይ እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ሰኞ መሐንዲሱ ሊያየው ይመጣል።

የከሰሉን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣሁት፤ የስኪመሩ አየር በጓሮ፣ በአቮካዶው ዛፍ በኩል ይገባል። ኮርኒሱን ቺፑድ ልሠራ የነበረውን ትቼ የፕላስቲክ አደርገዋለሁ።

ስንለካ ደግሞ አንድ ነገር አገኘን። የኋላው ክፍል በር 70 ሳንቲም ነው፤ አኳሪየሙ ወደ ውስጥ 80 ሳንቲም፣ ቁመቱ 75። በምንም መልኩ ቢዞር አይገባም። በሩን 1 ሜትር እናደርገዋለን፣ አርክትራቩም አብሮ ይፈሳል። ፌሮና አርማታ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ የበሩና የአኳሪየሙ ቀዳዳ መካከል የሚቀረው ብሎኬት 45 ሳንቲም ብቻ ነው። ሁለቱን አርክትራቭ አንድ ላይ ላፍስሰው ወይስ መካከሉ ላይ ኮለን ላቁም?