አባቴ ቤተ እስራኤል ነበር፣ ተዝካሩን እንዴት ላውጣለት?

የሸማኔው ልጅ (ባህር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ያዕቆብ ካረፈ ዛሬ 19 ቀኑ ነው፣ አርባው እየደረሰ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አባቴ የተወለደው ጎንደር አጠገብ ከቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰብ ነው፣ እናቴን ብሎ ክርስትና ተነስቶ ባህር ዳር ገባ፣ ግንቦት 83 ዘመዶቹ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ እሱ እኔን ታቅፎ ቀረ። ስለ ዘሩ ቤታችን ውስጥ አይወራም። ሰፈር ውስጥ ቡዳ ናቸው እያሉ ልጆቻቸውን ከኔ ጋ እንዳይጫወቱ የሚከለክሉ ነበሩ፣ እናቴም ዝም ማለቱን መረጠች፣ አልፈርድባትም።

ግን በየአመቱ ህዳር አካባቢ አንድ ቀን መወርወሪያውን አስቀምጦ ምንም ሳይቀምስ በጠዋት ቤዛዊት ተራራ ይወጣ ነበር። ልጅ ሆኜ አንዴ ይዞኝ ሄዷል፣ ከመንገድ ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ነው የወጣው፣ ላይ ስንደርስ ድንጋዩን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ጣና ማዶ አዙሮ ብዙ ቆመ። ጎንደር ናፍቆት መስሎኝ ምንም አልጠየኩትም፣ አሁን ያልጠየኩት ነው የሚያቃጥለኝ።

አሁን አጎቴ ከእስራኤል ደውሎ ሰባት ቀን መሬት ተቀምጬለታለሁ ቃዲሽ የሚባለውን ፀሎትም እያልኩለት ነው አለኝ። እናቴ ደግሞ አርባውን ቤተክርስቲያን ልታወጣ ነው። እኔ ወንድም የለኝም። ማንንም ሳላስቀይም በአባቴ ወገን ልጅ ለአባቱ የሚያደርገው ምንድነው? ወደ እስራኤል ስለመሄጃ ጉዞና ፕሮሰስ አይደለም የምጠይቀው።

አምቦበር (አሁን ነታንያ)

እግዚአብሔር ያፅናሽ እህቴ። ያ የህዳሩ ነገር ስግድ የሚባለው በአላችን እኮ ነው! ከዮም ኪፑር (ከአይሁድ የማስተሰረያ ቀን) 50ኛው ቀን ላይ ይውላል፣ እኛ ጋ አምቦበር ቀሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ተራራ ይወጡ ነበር፣ ህዝቡ ፆሞ ይከተል ነበር፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር ራስን ዝቅ ለማድረግ፣ ፊት ወደ እየሩሳሌም ነው። ስለዚ አባትሽ ጎንደርን ብቻ አልነበረም የሚያየው። እዚህ እስራኤል በፈረንጆች 2008 በህግ የሀገር በአል ሆኗል፣ በአስር ሺዎች እንሰበሰባለን፣ እሱ ብቻውን ቤዛዊት ላይ ማክበሩን ሳነብ አለቀስኩ።

ሀዘኑን በተመለከተ አጎትሽ የተቀመጠው ሺቫ ነው፣ ሰባት ቀን። ልብስ ይቀደዳል፣ ሀዘንተኛ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የመጀመሪያውን ምግብ ራሱ አይሰራም ጎረቤት ያመጣለታል፣ እንቁላልና ምስር ነው ብዙ ጊዜ፣ የኛን ሀገር ንፍሮ ያስታውሰኛል። ለእህት ለወንድም ለልጅ ሀዘኑ 30 ቀን ነው፣ ለአባትና ለእናት ግን አመት ይቆያል። ቃዲሽ ደግሞ 11 ወር ነው ልጅ የሚለው። 12 የማይሞላው፣ የክፉ ሰው ፍርድ 12 ወር ነው ስለሚባል ልጅ አባቱን ከክፉዎች እንዳይቆጥር ነው። ቃሉን ብትሰሚው ስለ ሞት አንድም የለበትም፣ በአራማይክ ቋንቋ የእግዚአብሔርን ስም ማክበር ብቻ ነው፣ ለማለት ደግሞ አስር ሰው መሟላት አለበት። በህጉ አይሁድነት በእናት ስለሚቆጠር ባንቺ ላይ ግዴታ የለም፣ አጎትሽ ይበልለት።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኢትዮጵያ እያለን ቃዲሽ አናውቅም ነበር። ፀሎታችን በግእዝ ነበር፣ ሬሳ የነካ ሰው እንደ ኦሪቱ ዘኁልቁ 19 ሰባት ቀን ከሰው ይለይ ነበር፣ ከዛ በሰባተኛው ቀንና በአመቱ የሚወጣው ራሱ ተዝካር ነው የሚባለው። እናትሽ ተዝካር ስትል የአባትሽ አባቶችም የሚሉትን ቃል ነው የምትለው።

ሽምብጥ

ነፍስ ይማር። እኔ ግን ትንሽ ልለይ። አባትሽ ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም ያለው አስቦበት ነው፣ እናትሽም እዛው ሰፈር ነው የምትኖረው፣ እድርተኛው ድንኳን ውስጥ ሌላ ወሬ ቢነሳ የምትሸከመው እሷ ናት። ከማድረግሽ በፊት እሷን ጠይቂ፣ ከጀርባዋ አይሁን።

ባለ ዳዊት (ጎንደር)

ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ። አይሁድ ለሞተ ሰው ዳዊት ይደግማሉ፣ እኛም እንደግማለን። እነሱ ጋ አንድ ልማድ አለ፣ ከሁሉ የሚረዝመው መዝሙር በግእዙ 118 በአማርኛው መፅሀፍ ቅዱስ 119 የሆነው አሌፍ ቤት ጋሜል እየተባለ በ22 ፊደል የተከፈለ ነው አይደል፣ እያንዳንዱ ፊደል 8 ቁጥር አለው፣ ከዛ ውስጥ የሟቹን ስም ፊደላት እየመረጡ ያነቡለታል። ያዕቆብ በእብራይስጡም አራት ፊደል ነው፣ ዮድ፣ ዔ፣ ቆፍ፣ ቤት። 32 ቁጥር ማለት ነው። ለዚህ አስር ሰው አያስፈልግም፣ ዳዊቱ ደግሞ እናትሽም ቤት ያለው ነው። በስሙ ለድሀ መስጠትም በነሱ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው።

የሸማኔው ልጅ (ባህር ዳር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ለእናቴ ነገርኳት፣ እየፈራሁ። ዝም ብላ ቆይታ "ከቤዛዊት ሲወርድ የሚያፈርስበትን ዳቦ ማን ይጋግርለት የነበረ መሰለሽ" አለችኝ። ታውቅ ነበር ለካ፣ ህዳር በመጣ ቁጥር ቀኑን እሱ ይነግራታል እሷ ዳቦ ትደፋለች፣ 30 አመት ለኔ ሳይነግሩኝ።

አርባውን ቤተክርስቲያን እናወጣለን፣ ማታ እቤት ሶስታችን እሷ እኔና ልጄ ሆነን ስሙን እናነባለን፣ አጎቴም በቪዲዮ ይገባል። ዮድን ከፍቼ አየሁት፣ "እጆችህ ሠሩኝ" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ከዛ ማለፍ አቃተኝ። ባለ ዳዊት አባቴ፣ ዔ ከ121 ቆፍ ደግሞ ከ145 ነው አይደል የሚጀምሩት? ልጄ ቤትን ይዟል፣ እየተለማመደ ነው።

ባለ ዳዊት (ጎንደር)

አዎ ልጄ፣ ልክ ነሽ። ቤት ከ9 ይጀምራል፣ ቀስ ብሎ ያንብብ በይው።