ጥቆማ፦ የሶርቲንግ (ቁጥር የመደርደር) እንቆቅልሽ ለመለማመድ አዳማ ላይ ምን ይሻላል?

የእህቴ ልጅ ኮዲንግ ከጀመረ ወዲህ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ሰሞኑን አንድ እንቆቅልሽ ይዞት እንቅልፍ የለውም። ከ1 ጀምሮ ያሉ ተከታታይ ቁጥሮች ተደባልቀው ነበር፣ በመርጅ ሶርት ተደረደሩ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ሰልፍ ጠፋ። መርጅ ሶርት ማለት ሰልፉን ለሁለት ከፍሎ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን ይደረድራል፣ ከዚያ የሁለቱን ፊት እያወዳደረ ትንሹን እየወሰደ ያዋህዳል። የቀረው ሲደረደሩ የተመዘገበው ብቻ ነው። ከግራው ክፍል ሲወሰድ 1፣ ከቀኙ ሲወሰድ 2። በቃ። ከዚህ ተነስተህ የድሮውን ሰልፍ መልስ ነው የሚለው።

«ጋሼ፣ ላፕቶፕ ልግዛ? ኢንተርኔት ካፌ ልሂድ? ሳይቱስ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። ሌላም ጠያቂ አይጠፋም ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ወረቀት። እኔ መጫወቻ ካርታ ነበር ያሰብኩት፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት ሱቆች አይጠፋም። ግን ለዚህ ሥራ አልሆነም። ካርታው ቁጥሩን እያሳየ ዓይን ይሰርቃል፣ ሳታውቁት በግምት መደርደር ትጀምራላችሁ። ያረጀ የደብተር ሽፋን ይበልጠዋል። አራት ቦታ ቆርጣችሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ጻፉበት። ደግሞ በረንዳ ላይ አትዘርጉት። የአዳማ ነፋስ ምንም ሳይመዘግብ ነው የሚበትነው።

አሁን መዝገቡ 22121 ነው እንበል። ግራው ሀ እና ለ፣ ቀኙ ሐ እና መ። የመጀመሪያው 2 በግራው ጥንድ ውስጥ «ከቀኝ ውሰድ» ስላለ ለ ቀድሞ ሀ ይከተላል። ሁለተኛው 2 ደግሞ በቀኙ ጥንድ «መ»ን ከ«ሐ» ያስቀድማል። የቀረው 121 ሁለቱን ጥንዶች ለማዋሃድ ነው፦ ከግራ ለ፣ ከቀኝ መ፣ ከግራ ሀ። ግራው አለቀ፣ ሐ መጨረሻ ላይ ገባ። ሰልፉ ለ፣ መ፣ ሀ፣ ሐ ሆነ። የተደረደረ ነውና ለ 1 ነው፣ መ 2፣ ሀ 3፣ ሐ 4። ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ስትመልሱት 3 1 4 2 ይወጣል። የጠፋው ይሄ ነበር።

ልብ በሉ፣ ወደ ኋላ የሄድንበት ቦታ የለም። መበላለጣቸውን ሳናውቅ ያንኑ አደራደር ወደፊት ደገምነው፣ ማወዳደሪያውን በመዝገቡ ተካን እንጂ። የእህቴ ልጅ ሦስት ቀን የባከነው ከመጨረሻው ቁጥር ጀምሮ ወደ ኋላ ሲጎትት ነው። ያ የሚሠራው የተቀያየሩት ቦታዎች አንድ በአንድ ሲመዘገቡ፣ ለምሳሌ ጎረቤት ቁጥሮችን እያቀያየረ በሚደረድረው በበብል ሶርት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ወገን ካለቀ በኋላ የቀሩት ዝም ብለው ይገባሉ፣ ምንም አይመዘገብም። ኮዱ እዚያ ላይ አንድ ቁጥር ካነበበ የቀረው ሁሉ ይዛነፋል። ቁራጮቹን 5 ስታደርጉም 2 እና 3 ወይስ 3 እና 2 ብሎ እንደሚከፍል ጥያቄውን አንብቡ፤ መልሱ ይለያያል።

ወደ ኮዱ ስትሄዱ፣ ስልክ ከካፌ ይሻላል ባይ ነኝ። ካፌው ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ኪቦርዱም እጅ ያሳርፋል፣ አልካድኩም። ግን አንድ ቀን (የካፌውን ስም ልተወው) ኮዱን ልጨርስ ሁለት መስመር ሲቀረኝ መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረግኩም። ሂሳቡን ግን ከፈልኩ። አንድሮይድ ላይ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን ጫኑ፤ አንዴ ከወረደ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ያለ ኢንተርኔት ያሠራል። በስልክ ከሆነ ፓይተን ከሲ ፕላስ ፕላስ ይቀላል፣ ያን ሁሉ ቅንፍና ሴሚኮሎን በአውራ ጣት መፈለግ ያደክማል።

ሳይቱን በተመለከተ ሲኤስኢኤስን አስቀድሙ። ነፃ ነው፣ ገጾቹ ቀላል ስለሆኑ ዳታ አይበላም፣ ስትሳሳቱም ኮዳችሁ የወደቀበትን ቴስት (መፈተኛ) ያሳያችኋል። ሊትኮድ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ጥያቄ ግን ካልከፈሉ አይከፈትም። ኮድፎርስስ ውድድር ለሚወድ ነው። ሰዓቱ የሞስኮ ነው፣ የሞስኮ ሰዓት ደግሞ ከእኛ ጋር እኩል ነው። 17:35 ካለ የእኛ ከቀኑ 11:35 ነው፣ ሙቀቱም በረድ የሚልበት ሰዓት። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ጊዜ 17:35ን ከሌሊቱ 11:35 ነው ብሎ አላርም ሞልቶ ተኝቷል። ሲነሳ ውድድሩ ካለቀ አድሯል።

ላፕቶፑን ለጊዜው ይቆይ ብዬዋለሁ። አኩርፏል። ትናንት ማታ ግን ጠረጴዛው ላይ የደብተር ሽፋን ሲቆራርጥ አየሁት፣ 7ኛው ቁራጭ ላይ ደርሷል።