ለእጅ ኦርጋናይዘር የሚበልጠው ብዙ ሜሞሪ ነው ወይስ ትንሽ መሆኑ?

ጥያቄ
ቀጠሮዬን፣ አድራሻዎችንና ማስታወሻዎቼን ከስልኬ አውጥቼ ራሱን በቻለ የእጅ ኦርጋናይዘር ለመያዝ ወስኛለሁ። ያገኘኋቸው ሁለት ያገለገሉ መሣሪያዎች ናቸው። አንደኛው ፓልም ቪኤክስ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ሜሞሪው 8 ሜጋባይት ሲሆን የካርድ ማስገቢያም የለውም። ሁለተኛው ሳይኦን ሲሪስ 5ኤምኤክስ 16 ሜጋባይት፣ የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ማስገቢያና ጥሩ ኪቦርድ አለው፤ ነገር ግን ከነባትሪው 350 ግራም ያህል ስለሚመዝን ለሸሚዝ ኪስ አይሆንም። 2,000 ገደማ አድራሻዎችና የብዙ ዓመታት ማስታወሻዎች አሉኝ። ትንሹ ይበቃኛል ወይስ ክብደቱን ችዬ ትልቁን ልውሰድ?

መልስ 1
ከመወሰንዎ በፊት የሚይዙትን ነገር ቢያሰሉት ጥሩ ነው። አንድ አድራሻ ከነስልክ ቁጥሩና ከነአጭር መግለጫው 200 ባይት ያህል ቢወስድ፣ 2,000ው ተደምሮ 400 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። በፓልም ላይ አንድ ማስታወሻ ከ4 ኪሎባይት ስለማይበልጥ፣ እስከ ጫፉ የተሞሉ 500 ማስታወሻዎች ቢኖሩዎት የሚይዙት 2 ሜጋባይት ነው። ሜሞሪ የሚጨርሱት ሥዕል፣ ድምፅና ትልልቅ መጻሕፍት እንጂ ቀጠሮና አድራሻ አይደሉም። የፓልም የመጀመሪያ ኦርጋናይዘር የሆነው ፓይለት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበረው፤ ሠሪው ጄፍ ሃውኪንስም አስቀድሞ በመሣሪያው ልክ የተቆረጠ እንጨት በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይዞር እንደነበር ይታወቃል። የለካው የሜሞሪውን ስፋት ሳይሆን ሰው ሳይሰለች አብሮት ሊይዘው የሚችለውን መጠን ነው፤ እኔም ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀጠሮ በሚያዝበት ሰዓት ቤት የቀረ ኦርጋናይዘር ምንም ያህል ሜሞሪ ቢኖረው አይጠቅምም።

መልስ 2
በስሌቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሜሞሪው ብዛት ይልቅ መረጃው በምን ላይ እንደሚቀመጥ መታየት አለበት። በሁለቱም መሣሪያዎች ላይ የሚጻፈው ነገር የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ራም ላይ ነው። የቪኤክስ ባትሪ ውስጡ የታሸገ ስለሆነ፣ ዕድሜው ገፍቶ ቻርጅ መያዝ ካቃተው ጥቂት ቀን ሳይነካ መቆየቱ ብቻ ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። ሳይኦኑ ግን በማንኛውም ሱቅ በሚገኙ ሁለት ድንጋዮች ይሠራል፤ እነሱ ሲቀየሩ መረጃውን የምታቆይ አንዲት ክብ መጠባበቂያ ባትሪም አለችው። ኮፒውን በካርድ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል። ቪኤክስ በበኩሉ ኮፒ የሚያደርገው መሣሪያው በሚሰካበት ማስቀመጫ (ክሬድል) በኩል ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ ነው፤ የማስቀመጫው ገመድ ደግሞ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ የማይገኘውን ሲሪያል ፖርት የሚባል የድሮ መሰኪያ ይፈልጋል። ረጅም ጽሑፍ የሚጽፉ ከሆነ ክብደቱን መቻል ያዋጣል።

መልስ 3
ምርጫው በእነዚህ በሁለቱ ብቻ መታጠር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፓልም ኤም500 በቅርጹም በክብደቱም ለቪኤክስ በጣም የቀረበ ነው፤ የራሱ ሜሞሪም ያው 8 ሜጋባይት ነው። ልዩነቱ የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ ያለውና ከዩኤስቢ ማስቀመጫ ጋር የመጣ መሆኑ ነው። የተነሣው የባትሪ ችግር እሱንም ይመለከተዋል፤ ሆኖም መረጃው በካርድ ላይ በየጊዜው ከተገለበጠ የባትሪው መሞት የከፋ ጉዳት አያመጣም። በተቃራኒው ትልቅ ማከማቻን ብቻ ማሳደድ ወዴት እንደሚያደርስ ላይፍድራይቭ የተባለውን የፓልም መሣሪያ ማየት ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባለ 4 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ሆኖ ሲወጣ ክብደቱ 193 ግራም ደርሶ ነበር፣ ዲስኩ እስኪነሣ መጠበቅም ግድ ነበር። ቀጠሮ ለማየት የሚወጣ መሣሪያ ወዲያው መከፈት አለበት።

ጠያቂው
ስለ ዝርዝር ማብራሪያችሁ አመሰግናለሁ። ረጅም ጽሑፍ ስለማልጽፍ ኤም500ን እፈልጋለሁ። ማንኛውም የኤስዲ ካርድ ይሠራለታል?

መልስ 3
አይሠራም። ከ2 ጊጋባይት በላይ ያሉት ኤስዲኤችሲ ካርዶች ከእሱ በኋላ የመጡ ስለሆኑ አያነባቸውም፤ አነስተኛ የቆየ ካርድ ይፈልጉ። ለእርስዎ መረጃ 64 ሜጋባይት እንኳ ከበቂ በላይ ነው።