ፔጅፋይልና ስዋፕ፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አንድ ዲስክ ላይ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ። ላፕቶፑ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ 128 ጊጋ ነው፤ ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ አብረው ተጭነዋል። ፔጅፋይሉ (ዊንዶውስ ራም ሲጣበብ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ፋይል) 12 ጊጋ፣ የሃይበርኔሽን ፋይሉ (ላፕቶፑ ሲጠፋ ራም ላይ ያለው የሚቀመጥበት) ወደ 3፣ የኡቡንቱ ስዋፕ ፓርቲሽን (እንደ ፔጅፋይል የሚያገለግል የዲስክ ክፍል) ደግሞ 8 ይዘዋል፤ ዲስኩ ሊሞላ ነው።

ፔጅፋይሉን ሁለቱም ሲስተሞች ወደሚጋሩት የዲስክ ክፍል፣ ወደ ዲ፣ አዛወርኩት። ኡቡንቱ ግን ዲን የሚከፍተው ለንባብ ብቻ ነበር። ፋስት ስታርትአፕ (የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ) ዊንዶውስን ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋው ነው፤ እሱን ሳጠፋው ተስተካከለ።

አሁን የቸገረኝ ይህ ነው። ሲ (ዊንዶውስ ያለበት ክፍል) ላይ ፔጅፋይል ከሌለ ብሉ ስክሪን (ዊንዶውስ በከባድ ስህተት ሲቆም የሚታየው ሰማያዊ ገጽ) ሲመጣ የስህተቱ ዝርዝር ላይመዘገብ ይችላል። ዊንዶውስ ራሱ ፔጅፋይሉ ከ800 ሜጋባይት በታች ሲሆን ያስጠነቅቃል፤ ታዲያ ሲ ላይ የ800 ሜጋባይት ፔጅፋይል ብተው ለከርነል ደምፕ (ስህተቱ ሲደርስ የሲስተሙ እምብርት የያዘው ማህደረ ትውስታ ቅጂ) ይበቃል?

ዋናው ግን ስዋፑ ነው። ፓርቲሽኑን አጥፍቼ ኤክስት4 (የኡቡንቱ ፋይል ሲስተም) ላይ በስዋፕ ፋይል ልተካው አስቤያለሁ፤ ኡቡንቱን ሃይበርኔት ማድረግ ግን አልተውም። የፋይሉን መነሻ ኦፍሴት (ዲስኩ ላይ የሚጀምርበትን ቦታ) ግረብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ብቻ ብጽፍ ይበቃል ወይስ ኢኒትራምኤፍኤስንም (ኡቡንቱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነውን ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም) ማደስ አለብኝ? የሞከራችሁት ካላችሁ ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል ጻፉልኝ።