የኩሮኖ ቶኪዮን የእጅ ሰዓት በመደበኛ ዋጋው ለመግዛት ምን ማድረግ ይገባል?

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ውድ አባላት፣ ታናሽ ወንድሜ በቅርቡ በአዲስ አበባ የሕክምና ትምህርቱን ያጠናቅቃል፤ ለምረቃውም ለብዙ ዓመታት የሚያስረው የእጅ ሰዓት ልሰጠው አስቤአለሁ። ጃፓናዊው ሰዓት ሠሪ ሐጂሜ አሳኦካ በኩሮኖ ቶኪዮ ስም የሚያወጣቸውን ሰዓቶች ካየሁ ወዲህ ሌላ መምረጥ አቅቶኛል። ይሁን እንጂ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያሉት ሁሉ ተሽጠው ያለቁ ናቸው፤ አንድ ቸርቻሪ ደግሞ ያገለገለውን በመጀመሪያ ዋጋው እጥፍ ያህል ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። በውስጡ ያለው ማሽን ከዚህ እጅግ በረከሱ ሰዓቶች ውስጥም የሚገኘው የሚዮታ ማሽን መሆኑን ስሰማም አመነታሁ። ዋጋው ተገቢ ነው ወይ? አዲስ አበባ ቢበላሽ የሚጠግነው ይገኛል ወይ? 37 ሚሊሜትር ስፋቱስ ለወንድ አያንስም ወይ?

መልስ፣ ከቶኪዮ

በመጀመሪያ የሚገዙት ምን እንደሆነ ግልጽ ቢሆንልዎ መልካም ነው። አሳኦካ በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ዲዛይን የተማረ፣ የሰዓት ሥራን ግን ራሱን በራሱ ያስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጀመሪያውን ቱርቢዮን (የሰዓቱ የልብ ምት ክፍል በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከርበት እጅግ ረቂቅ ሥራ) ሠርቶ ያሳየ፣ በኋላም የገለልተኛ ሰዓት ሠሪዎች አካዳሚ አባል የሆነ ሰው ነው። በራሱ ስም የሚወጡት ሰዓቶች በዓመት በጣት የሚቆጠሩና ዋጋቸውም ለአብዛኛው ሰው የማይደረስበት በመሆኑ፣ ያንኑ የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን ውበት የሚያስታውስ ንድፉን በብዙ እጥፍ ባነሰ ዋጋ ለማቅረብ እ.ኤ.አ. በ2019 ኩሮኖ ቶኪዮን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሦስት ጠቋሚ ሰዓቶች 1,700 ዶላር አካባቢ ነበሩ።

አሻሻጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሞዴል በተወሰነ ቁጥር ተሠርቶ በተነገረው ሰዓት ይከፈትና በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ሌላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 እንደወጣው ቶኪ የተባለ ሞዴል ለ10 ደቂቃ ብቻ ትእዛዝ ይቀበልና በዚያ ጊዜ ውስጥ ላዘዘ ሁሉ ይሠራል፤ በዚህኛው መንገድ ሰዓቱ እስኪደርስ ወራት መጠበቅ ግድ ቢሆንም፣ ቸርቻሪን ሳያበለጽጉ የማግኘት ዕድልዎ እጅግ ይሰፋል። ስለዚህ በድርጅቱ የኢሜይል ዝርዝር ላይ ይመዝገቡ፤ የመላኪያ አድራሻዎንና የክፍያ ካርድዎን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ባንክዎም ወደ ጃፓን የሚሄደውን ክፍያ እንዳያግደው ከአንድ ቀን በፊት ያሳውቁት። የጉምሩክ ቀረጥ ከሰዓቱ ዋጋ ውጭ በመሆኑ እርሱንም በበጀትዎ ውስጥ ያስገቡ።

መልስ፣ የሰዓት ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

በማሽኑ ምክንያት ማመንታትዎን እረዳለሁ፤ እኔ ግን ለወንድምዎ ሲባል ይህንኑ ማሽን እመርጥ ነበር። ሚዮታ የሲቲዝን ቡድን አካል ሲሆን፣ በኩሮኖ ባለ ሦስት ጠቋሚ ሰዓቶች ውስጥ ያለው 90ኤስ5 የተባለው አውቶማቲክ (በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ) ማሽን በሰከንድ 8 ጊዜ የሚመታ፣ ሙሉ ሆኖ ከእጅ ሲወልቅ 40 ሰዓት ያህል የሚሠራ ነው። በብዙ አገር በብዙ ሰዓቶች ውስጥ ስለሚገኝ መለዋወጫው አይቸግርም፤ እጅግ ቢበላሽ እንኳ ማሽኑን በሙሉ በሌላ መተካት ይቻላል፤ ጥንቃቄ ያለው ማንኛውም ሰዓት ሠሪም አጥቦና ዘይቱን ቀይሮ ሊመልሰው ይችላል። የሚከብደው ክሮኖግራፉ፣ ማለትም የጊዜ መለኪያ ያለው ሞዴል ነው፤ በእርሱ ውስጥ ያለው የሴይኮ ኤንኢ86 ማሽን ክፍሎቹ የበዙ በመሆናቸው፣ ያንን የሚያውቅ እጅ ካልተገኘ ባይነካ ይሻላል።

ፋብሪካው ለዚህ የማሽን ቤተሰብ በቀን ከ10 ሰከንድ መዘግየት እስከ 30 ሰከንድ መቅደም ድረስ የተለመደ አድርጎ ይቀበላል፤ ከዚህ የተሻለ ከተፈለገ በማስተካከያ መሣሪያ ማጥበብ ይቻላል። በውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ክብደት ሰዓቱን የሚሞላው በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ብቻ ስለሆነ፣ በሌላው አቅጣጫ በነጻ ሲሽከረከር ድምፁ ይሰማል፤ ወንድምዎ ይህን ሰምቶ ተበላሽቷል ብሎ እንዳያስከፍተው አስቀድመው ይንገሩት።

ከሁሉ በላይ የማሳስብዎ ግን ሥራውን ነው። ሐኪም በቀን ስንት ጊዜ እጁን እንደሚታጠብ ያውቁታል፤ ይህ ሰዓት ደግሞ ውኃ የመቋቋም ደረጃው 30 ሜትር ነው። ያ ቁጥር ጠብታንና ካፊያን እንጂ ዋናንም ሆነ የሚፈስ የቧንቧ ውኃን አይመለከትም፤ የቆዳ ማሰሪያውም ሳሙና ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሆስፒታል ሌላ ሰዓት ያድርግ፤ ይህኛውን ከሥራ ውጭ ይሰረው።

መልስ፣ ሰብሳቢ፣ ለንደን

ስለ ስፋቱ አይጨነቁ። የዛሬ 70 ዓመት አብዛኛው የወንዶች ሰዓት ከ37 ሚሊሜትር ያነሰ ነበር፤ የእጁ አንጓ በጣም ወፍራም ካልሆነ በቀር ያምርበታል።

ከቶኪዮ የጻፉት ወዳጃችን ቸርቻሪን በሙሉ እንዲሸሹ ይመክራሉ፤ እኔ በጥቂቱ እለያለሁ። ምረቃው ከደረሰና አዲስ ሞዴል ካልወጣ፣ ሳጥኑና የዋስትና ወረቀቱ ተሟልቶ በመጀመሪያ ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሮ የሚሸጥልዎ ሰው ካገኙ አይፍሩ። እጥፉን ግን ፈጽሞ አይክፈሉ፤ ያ ገንዘብ ለአሳኦካም ሆነ ገጹን በብዙ ድርብ ቀለም ለሚያነጥሩት ባለሙያዎች አይደርስም። ሌላ አማራጭ ከፈለጉ በጂሮ ካታያማ የሚሠራውን ኦትሱካ ሎቴክን ይመልከቱ፤ 6ኛ ቁጥር የተባለው ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ2024 በጄኔቫው ታላቅ የሰዓት ሽልማት ከ3,000 ፍራንክ በታች ባሉት ዘርፍ አሸንፏል፤ ነገር ግን በአብዛኛው ይሸጥ የነበረው በጃፓን ውስጥ በዕጣ ነበር።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሚቀጥለውን ሽያጭ ለመጠበቅ ወስኛለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የጃፓንን ሰዓት አሳስቼ እንዳላሰላ እሰጋለሁ፤ በኡሩሺ ቀለም የተሠራ ገጽ ያለው ቢወጣስ ልምረጠው?

መልስ፣ ከቶኪዮ

ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ የእኛ የኢትዮጵያውያን የሰዓት አቆጣጠርም ከዓለም አቀፉ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ የሁለቱ ከተሞች የግድግዳ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ያሳያል። ሽያጩ ለምሳሌ በቶኪዮ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከምሽቱ 11 ሰዓት ይከፈታል ቢባል፣ በአዲስ አበባ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ሜሪላንድ ደግሞ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ሰዓት ወደፊት በሚገፋባቸው ወራት ከጠዋቱ 10፣ በሌሎቹ ወራት ከጠዋቱ 9 ይሆናል። ወንድምዎ ስጦታውን ካላወቀ፣ በዚያ ሰዓት ደውለው እንዲያስታውሱዎ እናትዎን መጠየቅ ይችላሉ።

መልስ፣ የሰዓት ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ኡሩሺ ከዛፍ የሚቀዳ ሙጫ መሰል ፈሳሽ በስስ በስሱ ተቀብቶ፣ በእርጥብ አየር ጠንክሮ፣ ተፈትጎና ተወልውሎ የሚገኝ ገጽ ነው፤ ጥልቀቱን ያየ ሰው አይረሳውም። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ኃይለኛ ፀሐይ ካረፈበት ይደበዝዛል፤ ዋጋውም ከተለመደው በጣም ይበልጣል። ለመጀመሪያ ሰዓት የተለመደውን ገጽ ይግዙለት፤ ከልዩነቱ የሚተርፈውንም ለመለዋወጫ የቆዳ ማሰሪያና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሚያስፈልገው እጥበት ያስቀምጡለት።