በደሴ ለሚሠራ ቤት የ4 ሜትር የዓሣ ገንዳ፦ የትኞቹን ዓሦች፣ በምን ዓይነት አሠራር?

ጦሳ ሥር

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የመኖሪያ ቤት በማሠራት ላይ ነኝ፤ መሠረቱ ወጥቷል፣ የምድር ቤቱ ወለል ግን ገና አልተሞላም። በልጅነቴ አባቴ ወደ ሐይቅ ከተማ ይዞኝ ሄዶ ከጀልባ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብዬ ውሃውን ካየሁበት ቀን አንሥቶ፣ ቤት የሠራሁ እንደሆነ ሳሎኑንና የመመገቢያ ክፍሉን የሚለየው ግድግዳ የዓሣ ገንዳ እንዲሆን ስመኝ ኖሬአለሁ። ያሰብሁት ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ 1 ሜትር ከ20 የሆነ፣ በሁለቱም በኩል የሚታይ ገንዳ ነው። ከዓሦቹ መካከል ኦስካርን፣ ዲስከስን፣ አሮዋናንና ቀለማቸው የደመቀውን የማላዊ ሐይቅ ዓሦች አንድ ላይ ለማኖር እፈልጋለሁ።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና የሚጠጣው ፎቁ ላይ ስለሚሆን ልቤ ገንዳውን ወደዚያ ለማውጣት ያዘነብላል። ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት የማስተካክለው ነገር ካለ፣ በተለይም ደሴ ብርድ በመሆኗ ልጠነቀቅበት የሚገባ ካለ፣ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ኮለንና ቢም

ወንድሜ፣ እንኳን ሶሌታው (የኮንክሪት ወለሉ) ሳይሞላ ጠየቁ። ፎቁን ይተዉት። በጻፉት ልክ ገንዳው 4,800 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ብቻ 4,800 ኪሎ ግራም ይመዝናል ማለት ነው፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መቆሚያው ሲጨመሩበት ከ6 ቶን ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ተጨማሪ ጭነት እንዲሸከም ሲሆን፣ ይህ ገንዳ ግን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,500 ኪሎ ግራም ያሳርፋል። ምድር ቤት ላይ፣ ከወለሉ ተለይቶ በራሱ መሠረትና ፌሮ ቢቆም ግን የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ ይህንንም የቤቱን ስትራክቸር የሠራው መሐንዲስ እንዲያሰላልዎ ያድርጉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታው ነው። ውሃ መስታወትን የሚገፋው በጥልቀቱ እንጂ በወርዱ አይደለም። በ1 ሜትር ከ20 ከፍታ የፊተኛው መስታወት ወደ 2,900 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግፊት ይሸከማል፤ ከፍታውን ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ቢያወርዱት ግፊቱ ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ይሆናል። ርዝመቱ ሳይነካ ሸክሙ ወደ ሲሶው ወረደ ማለት ነው። በዚህም ከፍታ ቢሆን መስታወቱን ከ19 ሚሊ ሜትር አያሳንሱት፤ ከላይም ማሰሪያ ያድርጉለት። የተረፈዎትን ገንዘብ በወርዱ ላይ ቢያውሉት ይሻላል።

የኮምቦልቻዋ

ኮምቦልቻ ውስጥ 12 ዓመት ዓሣ ሳሳድግ የተማርሁትን ላካፍልዎ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርዎ ስለ ብርዱ ሳይሆን ስለ አየሩ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውሃም በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ፣ ደሴ ላይ ያው ውሃ 6 ሚሊ ግራም ያህል ቢይዝ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ አይውሰዱት። ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል በመሆኑ፣ ከእኔ በፊት የተሰጠው ምክር ለመስታወቱ ብቻ ሳይሆን ለዓሦቹም ይበጃል፤ ዝቅ ያለና ሰፊ ገንዳ ከረጅምና ጠባብ ይልቅ ይተነፍሳል። ከማጣሪያው የሚመለሰውም ውሃ ገጹን ሁልጊዜ እንዲያናውጥ አድርገው ያሠሩት።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ የክረምት ሌሊት መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ጠፍቶ ሳይመለስ አደረ። ንጋት ላይ ሻማ ይዤ ስጠጋ ዓሦቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው፣ አፋቸውን ከውሃው ገጽ ጋር አጋጥመው ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፤ ትልቁ ወንድ ጎኑን ሰጥቶ ቀለሙ ገርጥቶ ነበር። በጆግ ውሃ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ሳፈስስ ፀሐይ ወጣች። ከ9ኙ 3ቱ ሞቱብኝ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳይኖረኝ አድሬ አላውቅም፤ እርስዎም ከዓሣው በፊት ይህን ይግዙ።

ወደ ዓሦቹ ስመጣ፣ የዘረዘሯቸው አራቱ በአንድ ውሃ አይኖሩም። ዲስከስ ከአማዞን የመጣ፣ ለስላሳና ወደ አሲድ ያዘነበለ፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የሚሻ ዓሣ ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ በእኛ ከፍታ እጥፍ ድርብ ይቸገራል። የማላዊ ዓሦች ግን ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ7.8 በላይ የሆነ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ይፈልጋሉ። ኦስካር ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድግና አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። አሮዋና ደግሞ 90 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ከገንዳ ዘልሎ የሚወጣ ዓሣ በመሆኑ ሲያድግ 1 ሜትር ወርድ ለመዞሪያው ይጠብበዋል፤ ይህን እያወቁ ማስገባት ፍጥረቱን መበደል ነው።

እኔ እርስዎን ብሆን ገንዳውን በሙሉ ለማላዊ የድንጋይ ዓሦች፣ ምቡና ለሚባሉት እሰጠው ነበር። አብዛኞቹ ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆኑ 60 ያህሉ ሲተራመሱ 4 ሜትሩ በቀለም ይሞላል፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪም ይበቃቸዋል። ከሦስት ወይም ከአራት ዝርያ አይብለጡ፤ ለአንድ ወንድ ሦስትና አራት ሴት ያድርጉ፤ ምግባቸው በአብዛኛው አረንጓዴ ይሁን፤ ሥጋ ሆዳቸውን ይነፋዋል። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ሦስት ሳምንት ያህል ትቆያለች። ጉሮሮዋ አብጦ፣ ምግብ ሲበተን ሌሎቹ ሲሻሙ እርሷ ድንጋይ ሥር ቆማ ከንፈሯን ገጥማ ስታይ፣ ይህን ያየ እንግዳ ከገንዳው ፊት አይነሣም። የእኛው ቆሮሶም የሚራባው እንዲሁ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው።

በሁለት በኩል የሚታየውን ነገር ግን ደግመው ያስቡበት። ዓሣ ጀርባውን የሚያስጠጋበት ካጣ ይሸበራል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። የመመገቢያውን በኩል በግንብ ይዝጉትና ድንጋዩን ከዚያ ተነሥተው ይደርድሩ።

ሲያስጀምሩም አይቸኩሉ። የመጀመሪያ ገንዳዬን በሞላሁ ማግስት 20 ዓሣ ገዛሁ፤ የሸጠልኝ ሰው አንድም ነገር አልነገረኝ፤ በሳምንቱ አንዱም አልቀረ። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያውም ናይትራይቱም በመመርመሪያ ዜሮ ሳይሆን ዓሣ አያስገቡ። ሲዘጋጁ ከእኔ ማጣሪያ ያደፈ ስፖንጅ እሰጥዎታለሁ፤ ያ ጊዜውን ያሳጥርልዎታል።

ስለ ብርዱ አብሽር። ከፍታው 70 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ገንዳው የሚይዘውን 2,800 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ለመቀዝቀዝ ይዘገያል። ከታችና ከግንቡ በኩል ፎም ያልብሱት፤ ከላይም ይክደኑት።

ሐይቅ ዳር ያደግሁ

ልጄ፣ የልጅነትህን ጀልባ ስታነሣ ልቤን ነካኸው። የኮምቦልቻዋ እህታችን የመከረችህ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ላሳስብህ። ምኞትህ የጀመረው ከእኛ ሐይቅ ከሆነ፣ ገንዳው የሩቅ አገር ዓሣ ቢይዝም መልኩ የወሎ ይሁን። ከቦርከና ዳር የሚገኘውን፣ ጎርፍ ያለሰለሰውን ጥቁር ድንጋይ ሰብስብ፤ ትልልቁን መጀመሪያ ወለሉ ላይ አስቀምጠህ አሸዋውን በኋላ አፍስስ፤ አለበለዚያ ዓሦቹ ሥሩን ሲቆፍሩ ተንዶ መስታወቱን ይመታዋል። በጥቁር ድንጋይ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ እንዴት እንደሚያበራ ስታየው ታውቀዋለህ።

ቆሮሶና አምባዛ ለማስገባት እንዳትፈተን። አምባዛ ከሰው ክንድ በላይ ያድጋል፤ ማታ ማታም ትንንሾቹን ይጨርስብሃል። ከአገራችን ዓሣ የሚያምርህ ከሆነ በአዋሽ ገባር ወንዞች ውስጥ የሚኖረው ጋራ የሚባለው ትንሽ ዓሣ አለ፤ በአገጩ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ጎርፍ የማይወስደው፣ ብርዱንም የለመደ ነው። እርሱ ግን የሚፈልገው ፈጣን ወራጅ ውሃ ስለሆነ ለብቻው ሌላ ትንሽ ገንዳ ቢሠራለት ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ዓሦቹ ቢራቡብህና ቢበዙብህ ወደ ቦርከናም ሆነ ወደ ሐይቅ አንዲትም እንዳትለቅ። ዛሬ በሐይቃችን የምናጠምደው ቆሮሶ ራሱ በፈረንጆች 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በሰው እጅ የገባ ነው፤ ከዚያ በኋላ የውሃው ነገር እንደ ድሮው አልሆነም። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የሌለው ስለሆነ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ጦሳ ሥር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ከመሐንዲሱ ጋር ቁጭ ብለን ሥዕሉን ቀየርነው። ገንዳው ምድር ቤት ወረደ፤ ከፍታው 70 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሆነ። የመመገቢያው በኩል በግንብ ተዘግቶ ከኋላው ለማጣሪያውና ለአንድ ሮቶ የሚሆን ጠባብ ክፍል ወጣለት፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየሳምንቱ የሚቀየረው 700 ሊትር ያህል ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ፣ ክሎሪኑ በማስወገጃ ጠፍቶለት ይቆያል። ቡናውን ወደ ምድር ቤት ለማውረድ እናቴም ተስማምታለች።

አሮዋናውን መተው ከበደኝ፤ ግን ተውሁት። እትዬ፣ ስፖንጁን ለመውሰድ ከጥምቀት በኋላ ኮምቦልቻ እመጣለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ የምንጠቀምበት ግንብ በሲሚንቶ የሚለሰን ስለሆነ ውሃውን አይጎዳውም ወይ?

የኮምቦልቻዋ

አዲስ ሲሚንቶ ፒኤቹን ከልክ በላይ ያወጣዋል። ልስኑ በደንብ ከደረቀ በኋላ ለመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚሆን ኢፖክሲ ሁለት ጊዜ ያስቀቡት፤ ከዚያ ሞልተው ሳምንት አቆይተው ይድፉት፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ሦስተኛው ውሃ ላይ ፒኤቹን ይለኩ፤ ከ8.5 ካልበለጠ ለምቡና ይስማማል። ስፖንጁን በገንዳው ውሃ እንደ ራሰ በባልዲ ነው የሚወስዱት፤ በቧንቧ ውሃ ካጠቡት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ክዳን ያለው ባልዲ ይዘው ይምጡ።